ኪስ ያለው ደም

ላውንደሪው ውስጥ፣ ከመዘፍዘፊያው ገንዳ በላይ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደላት የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ኪሱ ሳይፈተሽ ልብስ አይነከርም» ይላል። እትዬ ካውያ እዚያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ስትሠራ ይህን ሕግ የጣሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን አንድ ቀን ለሰው ይበቃዋል።

«ካውያ» ያሏት ጎረቤቶቿ ናቸው። የተኮሰችው ሱሪ መስመሩ ጣት ይቆርጣል ይሉላታል። ጠባይዋም ቢሆን ያው ነው፤ ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ ትበርዳለች፣ ግላ ሳለች የነካችው ሰው ግን ምልክቱ አይለቀውም። እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያልፉ እሷ የሃያ አንድ፣ ታናሽ እህቷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለትንሿ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ናት። ስለ ትዳር የጠየቃት ሰው ካለ፣ «በአንድ እጄ ካውያ፣ በአንድ እጄ እህቴን ይዣለሁ፤ ባል በምኔ ልያዝ?» ብላ ስቃ ታስቀዋለች። ከሥራ በኋላ የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች፤ አራተኛ ክፍል ድረስም ዘለቀች። ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር፤ የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ። ማንበብ በመቻሏ ፈጣሪዋን ሳታመሰግን የዋለችበት ቀን የለም። ማንበብና ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

እህቷ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። የሚኖሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው፣ በኋለኛው ሁለት አልጋና አንድ ቁም ሳጥን። ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናት የፊተኛውን ክፍል ሰማያዊ የሚቀባ ሰው ተጠራ። ቀለም ቀቢው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበር። የአንድ ቀን ሥራ አራት ቀን ፈጀበት።

«ግድግዳውን ነው ወይስ ልጅቷን ነው የምትቀባው?» አለችው እትዬ ካውያ በአራተኛው ቀን።

«እትዬ፣ ግድግዳው ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል» አለ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

«በል ዙር! ብቻ ራስህን እንዳያዞርህ።»

ከዓመት በኋላ ሊጋቡ ቀን ቆረጡ። ቀኑ አምስት ሳምንት ሲቀረው ቀለም ቀቢው አንድ ትልቅ ሕንፃ ለመቀባት ሌላ ከተማ ሄደ። ሲሄድ ነጭ ሸሚዙን ላውንደሪው ድረስ አምጥቶ ለእትዬ ካውያ ሰጣት።

«ለሠርጉ ነው። አደራ።»

«አደራ ለማን ነው የምትለው? መስታወት አያስፈልግህም፤ ሸሚዙ ላይ ራስህን ታያለህ» አለችው።

ያን ዕለት ከሆቴል የመጣ አንሶላ እስከ ጣሪያው ተቆልሎ ነበር። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ሸሚዙን ሳትፈትሽ ነከረችው። አጥባ ስታወጣው የደረት ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ጎረበጣት፤ የታጠፈች ትንሽ ካርድ ናት። ማኅተሙ ውሃ ጠጥቶ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። የታተመው ጽሑፍ ተፍቆ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አይለይም። በእስክሪብቶ የተጻፈው ግን አልለቀቀም፤ የቀለም ቀቢው ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ «ኦ ፖዘቲቭ»። ስትገልጣት ውስጧ አራት ቀኖች ተደርድረዋል። አንዱ ከሌላው ሦስት ሦስት ወር ይራራቃል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ፊርማ አለ።

በዚያ ዘመን «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። «እገሌ እኮ ፖዘቲቭ ነው» ከተባለ ማብራሪያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ኤች አይ ቪ ማለት ነው። እትዬ ካውያ አጠገቧ ስትተኩስ የነበረች ባልደረባዋን ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ሕመም ቀብራለች። የተደረደሩትን ቀኖች አየችና መድኃኒት የሚቀበልበት ቀጠሮ ነው አለች በልቧ። «ኦ» የምትለዋን ፊደልስ? እሷንም እንደ ዋይታ አነበበቻት። ኦ! ፖዘቲቭ! ጻፊው ራሱ አዝኖለት መሰላት።

ደሟ ቀጥ አለ። ካርዷን በጨርቅ አድርቃ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

ሦስት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ለእህቷ ብትነግራት «ቢሆንም እወደዋለሁ» እንደምትል አታጣውም፤ ያሳደገቻት እሷ ናት። ለሌላ ሰው ብትናገር ደግሞ የሰው ገመና ማውጣት ይሆናል፤ ይህን ፈጣሪ አይወድም። እሱን ራሱን መጠየቅ የሚባል ሦስተኛ መንገድ መኖሩ አልታያትም። ወይም ታይቷት አፈረች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? እሷ ጠረጠረች፤ ከዚያም መነጠረች።

ቀለም ቀቢው ቅዳሜ ቅዳሜ ላውንደሪው ስልክ ላይ ይደውል ነበር፤ በቤታቸው ስልክ የለም። እህቷ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሮጣ ትመጣለች። በዚያ ቅዳሜ እትዬ ካውያ ለአንድ ደንበኛ ቀሚስ እንድታደርስ ላከቻት። ስልኩ ሲጮኽ ራሷ አነሳችው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ? እሷ የለችም እንዴ?»

«ስማኝ ልጄ። እህቴ ሐሳቧን ቀይራለች። ልነግረው አልችልም ብላ እኔን ነው የላከችኝ። እባክህ አትደውል።»

መስመሩ ላይ የመዶሻ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ከጀርባው ሰዎች ይሠራሉ።

«ምን አድርጌ?» አለ በመጨረሻ።

«ምንም። ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ» አለችና ዘጋችው። ጤናህን ይስጥህ ያለችው ከልቧ ነበር።

እህቷ ስትመለስ፣ «ደውሎ ነበር። እዚያው መቅረቴ ነው፣ አትጠብቀኝ በያት አለ» አለቻት። እህቷ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «እሺ» አለች። ቤት ገብታ የጀመረችውን ስፌት ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። በሚቀጥለው ሳምንት ለራሷ ስትሰፋው የነበረውን የሠርግ ቀሚስ ፈትታ ለደንበኞቿ ልጆች የክርስትና ልብስ አደረገችው። ከአንድ ቀሚስ አራት ወጣ። ቀለም ቀቢውም ሸሚዙን ጓደኛውን ልኮ አስወሰደ እንጂ ብቅ አላለም። ካርዷ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከተነጠፈው ጋዜጣ ሥር ቀረች።

ከዚያ በኋላ እትዬ ካውያ ጸሎቷ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። «እህቴን ከሞት ያተረፍክልኝ፣ የዚያንም ምስኪን ገመና በእኔ አፍ ያላወጣህ፣ ተመስገን» ትላለች። አሥራ አራት ዓመት፣ በየቀኑ። እህቷ ሰው አላገባችም። ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ሰማያዊውን ግድግዳ ስታይ እትዬ ካውያ «በሕይወት አለች አይደል?» ብላ ራሷን ታጽናናለች። ግድግዳውም ሌላ ቀለም ሳይቀባ ቀረ።

ላውንደሪው ሲዘጋ እትዬ ካውያ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ጎረቤት ጠቁሟት ደም ባንክ ውስጥ ጋውን አጣቢና ተኳሽ ሆና ተቀጠረች። ለዚህም አመሰገነች።

እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ባለሙያ አለ። ደም ሲቀዳ አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ቀኑን ሙሉ ስለሚያዝን «ጋሽ ጠብታ» ይሉታል። ዘበኛውንም፣ ሾፌሩንም፣ ሻይ የምታፈላዋንም ሳያስተምር የማያልፍ ሰው ነው። በሦስተኛው ሳምንት የተኮሰችውን ጋውን ይዛ ስትገባ አንድ ትልቅ ክብ ማሽን እያጓራ ይሽከረከራል።

«ይቺማ የኛ ቤት ማድረቂያ ናት» አለች።

«አላጣሽውም! ያንቺ ማድረቂያ ውሃውን ከጨርቁ ይለያል፣ የኔዋ ደሙን ከደሙ ትለያለች። ነይ እይ።» ማሽኑ ሲቆም ከረጢቱን ቀስ አድርጎ አወጣው። ላዩ እንደ ማር ቢጫ፣ ታቹ ጥቁር ቀይ ነው፤ መሀላቸው ላይ እንደ ነጭ ክር የሳሳች መስመር ተጋድማለች።

«ምነው ጋሽ ጠብታ፣ ይሄ ቢጫው ተበላሸብዎት እንዴ?»

«ምን ሲደረግ! ይሄ ፕላዝማ ነው። ከደምሽ ከግማሽ በላዩ ይሄው ነው፤ ውሃ፣ ጨው፣ ምግብ፣ ሁሉን ተሸክሞ የሚሄድ ወንዝ በይው። እታች ያሉት ቀያዮቹ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ከሳንባሽ አየር ተቀብለው እስከ እግር ጣትሽ ያደርሳሉ። ይቺ ነጭ ክር ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ነጭ ሴሎች፣ እነሱ ወታደሮች ናቸው፤ ፕላትሌቶች ደግሞ ጣፊዎች። ስትቆረጪ ሮጠው ቀዳዳውን የሚጥፉት እነሱ ናቸው።»

«እንደ እህቴ።»

«እንደ እህትሽ። ታዲያ ለይተን ስንሰጥ አንድ ሰው የሰጠው ደም ለሦስት በሽተኛ ይደርሳል። ስትወልድ ደም ለፈሰሳት ቀዩ፣ እሳት ላቃጠለው ቢጫው፣ ደሙ አልቆም ላለው ጣፊው።»

እትዬ ካውያ በአድናቆት አፏን ያዘች። «ፈጣሪ ሆይ፣ በዚች ከረጢት ውስጥ ይህን ሁሉ!» አለች። ይህን ስትል የጋሽ ጠብታ ልብ ሞቀ፤ ከሞቀ ደግሞ ማን ያቆመዋል?

«ዓይነቱን ልንገርሽ፣ በልብስ እነግርሻለሁ። እያንዳንዷ ቀይ ሴል ሸሚዝ ለብሳለች እንበል። አንዳንዱ ሰው ክብ ቁልፍ አለበት፣ ኤ እንለዋለን። አንዳንዱ አራት ማዕዘን ቁልፍ፣ ቢ። ሁለቱንም የተሰፋበት ኤቢ። ቁልፍ የሚባል የሌለበት፣ ኦ።»

«ኦ?» አለች።

«ኦ፣ ባዶ ማለት በይው። እንግዲህ ፕላዝማው ውስጥ ዘበኞች አሉ። የራሳቸው ቤት የማያውቀው ቁልፍ ከመጣ ይረባረቡበታል፤ እንግዳዎቹን ሴሎች እርስ በርስ አጣብቀው ያፈርሷቸዋል። ሰው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ሳናመሳክር የማንሰጠው። ቁልፍ የሌላትን ግን በምን ይያዟት? ኦ ሁሉም ቤት ትገባለች። እሷ ስትቸገር ደግሞ ከራሷ ብጤ በቀር ከማንም አትቀበልም።»

«እሷማ እንደኔ የሁሉም አገልጋይ ናት» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቁልፉ ብቻ አይደለም፣ ኪስም አለ። አርኤች ይባላል። ሸሚዟ ኪስ ካላት ፖዘቲቭ፣ ኪስ ከሌላት ኔጌቲቭ። በእውነት ሁሉም ቤት የምትገባዋ፣ ቁልፍም ኪስም የሌላት ናት፤ ኦ ኔጌቲቭ።»

እትዬ ካውያ የያዘችውን ጋውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ኦ… ፖዘቲቭስ?»

«ቁልፍ የለውም፣ ኪስ አለው። በቃ። እኔ ራሴ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ።»

«በሽታ አይደለም?»

ጋሽ ጠብታ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። «አይ እትዬ፣ አንቺም? በዚህ ቃል ስንቱ ተደናግጧል መሰለሽ! አንዱን ጎልማሳ እዚያ ደረጃ ላይ ካርዱን ይዞ ሲንሰቀሰቅ አግኝቼዋለሁ። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት ነው። ያኛው ምርመራ ተደርጎ ቫይረሱ ተገኘ ለማለት ነው፤ ይሄኛው ኪስ አለ ለማለት። ከዚያ ወዲህ የመደመር ምልክት ብቻ እንጽፋለን።»

«ካርድ ላይ… በየሦስት ወሩ ቀን ተጽፎ፣ ፊርማ ያለበት…»

«የለገሰበት ቀን ነዋ! ከሦስት ወር በፊት አንቀዳም፤ ደሙ ይተካ እንላለን። እንደውም ልንገርሽ፣ ያን ካርድ የያዘ ሰው ደሙ ተመርምሮ ያለፈ ነው። ቫይረሱ የተገኘበትን ለብቻው ጠርተን በክብር እናነጋግረዋለን፤ መድኃኒቱን እየወሰደ እንደ ማንኛችንም ይኖራል። ካርዱስ? ካርዱ ማለት ይሄ ሰው ጤነኛ ነው፣ ደግሞም ለማያውቀው ሰው ደሙን ይሰጣል ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ወጥታ ካውያ ቤት ገባች፤ የሰካችው ካውያ ሌላ ጋውን ላይ እንደተቀመጠ ጭስ እስኪወጣ ድረስ ቆመች። ካውያ ከያዘች ወዲህ ልብስ ስታቃጥል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ያን ማታ ለጸሎት ስትቆም «እህቴን ከሞት ያተረፍክልኝ» ከምትለው ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። ከማን ሞት? አምስት ሺህ ጊዜ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ለፈጣሪ በውሸት ምስጋና አቅርባለች። እሱ ሁሉን እያወቀ ዝም ብሎ ሲሰማት ኖሯል። ከሁሉ ከሁሉ ይህ አንገበገባት።

ለእህቷ ባትነግራት የሚጠይቃት የለም፤ የሚያውቅ ሰው የለምና። ካርዷን እሳት ውስጥ ብትጨምራት ነገሩ አብሮ አመድ ይሆናል። ሁለት ቀን ይህን አሰበች። ሦስተኛውን ቀን ያሰበችው ሌላ ነው፦ እህቷ ስትሰማ ዕቃዋን ጠቅልላ ትወጣለች። ከሷ በቀር በዚህ ምድር የሥጋ ዘመድ የላትም። የስፌት መኪናው ድምፅ የሌለበት ቤት እንዴት እንደሚሆን ልታስበው ሞክራ አቃታት። ነገር ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ይሄኛውማ ደርቆ፣ ርቆ፣ አሥራ አራት ዓመት ቆሞበታል።

እሑድ ከቀትር በኋላ ካርዷን ይዛ ፊተኛው ክፍል ገባች። እህቷ የአንድ ኮት ገበር ትሰፋለች።

«አቁሚልኝ።»

«ምነው እትዬ? ፊትሽ ልክ አይደለም። ደም ባንክ ደምሽን ቀዱት እንዴ?»

«እባክሽ አትቀልጅ። ተቀመጪ… ተቀምጠሻል ለካ። እኔ ልቀመጥ።»

ሁሉንም ነገረቻት። አንድም ነገር አላስቀረችም፤ ቀሚስ እንድታደርስ ልካት ስልኩን ማንሳቷን፣ ለሱ ያለችውን፣ ለሷ ያለችውን። ካርዷን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። ጋሽ ጠብታ ስለ ቁልፍና ስለ ኪስ ያስተማራትንም ደገመችላት። «አላወቅኩም። በፈጣሪ ስም አላወቅኩም። ታሟል ብዬ ነው። ላተርፍሽ ብዬ ነው።»

እህቷ ካርዷን አንስታ አራቱን ቀኖች በጣቷ እየነካች አነበበቻቸው።

«ቢሆንስ?» አለች።

«ምን?»

«ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ያ ያልሽው ቢሆን ኖሮስ? የማን ነገር ነው? መስማት ያለበት ማን ነው?»

እትዬ ካውያ በእነዚያ ቀናት ሁሉ በደሏን ቃሉን ባለማወቋ ላይ ስትጭነው ነበር፤ ቃሉን አሳስታ ማንበቧ። እህቷ በአንድ ቃል ያን መሸሸጊያ አፈረሰችው። ቃሉን በትክክል አንብባው ቢሆን እንኳ ስልኩን የማንሳት ሥልጣን አልነበራትም።

«እኔ እኮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምን ጎደለኝ ስል ነበር» አለች እህቷ። «መስታወት ፊት ቆሜ። ምኔን ጠላው እያልኩ።» ከዚያም ተነሥታ የኮቱን ገበር አጠፈችና ወጣች።

ዕቃዋን አልጠቀለለችም። ይሁን እንጂ ስምንት ቀን «እትዬ» አላለቻትም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትበላለች፣ ትሰፋለች፤ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው መኪናው ብቻ ሆነ። እትዬ ካውያ ይቅርታ አልጠየቀችም። መጠየቁም ሌላ ነገር መለመን መሰላት። በጸሎቷ ላይ የነበረውን ዓረፍተ ነገር አወጣችው፤ በቦታው ምንም አላስገባችም፤ እዚያ ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ትቆማለች።

በዘጠነኛው ቀን እህቷ በመለኪያ ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ያኔ ቀለም ይገዛበት ወደነበረው መሸጫ ሄጄ ነበር። ባለ ሱቁ ያውቀዋል። እዚያው ከተማ ቀርቷል፤ አግብቷል፤ ሁለት ልጆች አሉት።» ይህን ስትል ድምጿ አልተሰበረም፣ ዓይኗ ብቻ ግድግዳው ላይ ነበር። «እንዲመለስልኝ አይደለም። ንቄው እንዳልሄድኩ ይወቅ። ስልኩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደውይ።»

«አሁን?»

«አሁን። እዚህ ሆነሽ። እኔ እየሰማሁ።»

እትዬ ካውያ የእህቷን ሞባይል ተቀበለች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው ገባላት።

«ሃሎ?» ድምፁ ጎርናናና የደከመ ሆኗል፤ ግን እሱ ነው።

«እኔ ነኝ። የላውንደሪዋ… የልብስ ሰፊዋ እህት።» እንዳይዘጋባት ፈርታ አከታተለችው። «ያኔ እህቴ ሐሳቧን አልቀየረችም። የላከችኝም የለም። ዋሽቼህ ነው። እሷንም ዋሽቻት ነው፤ አትጠብቀኝ ብሏል ብያት ነው።»

«ለምን?»

«ከሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ካርድ አግኝቼ። ኦ ፖዘቲቭ ይላል። የታመምክ መስሎኝ።»

አንድ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ሊሆን ጀምሮ ሳቅ ሳይሆን የቀረ ድምፅ።

«የደም ካርዴ? እትዬ… ያችን ካርድ እኮ ስንት ቦታ ፈለግኳት። ሥራ ቦታ ጣልኳት ብዬ ሌላ አስወጣሁ።» ትንፋሹ ይሰማታል። «እሷ… አለች?»

«አጠገቤ ናት። ትሰማሃለች።»

«እኔም እኮ መጥቼ በሩን ማንኳኳት እችል ነበር። ኮራሁ። ከኮራሁ ወዲህ አፈርኩ። የኔም እጅ አለበት።»

«የለበትም። የኔ ነው። አትካፈለኝ» አለች እትዬ ካውያ።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልል ዛሬ አልችልም» አለ ቀስ ብሎ፤ «ስለ ደወልሽ ግን… እግዜር ይስጥልኝ። እሷን ደህና ሁኚ በያት። በዚህ ጊዜ እንዳልኩት በያት።»

«እንዳልከው እላታለሁ።»

ሞባይሉን አስቀመጠች። «ደህና ሁኚ ብሏል» አለች፣ እህቷ ሁሉን ብትሰማውም። እህቷ ራሷን ነቀነቀች። አሮጌዋን ካርድ ፖስታ ውስጥ ከታ የቀለም መሸጫውን አድራሻ ጻፈችበት፤ ሰውየው ሲመጣ ባለ ሱቁ ይሰጠው ዘንድ። ያን ቀን አልተነጋገሩም። በማግስቱ ጠዋት ግን እህቷ ከመኪናው ሳትነሣ፣ «እትዬ፣ መቀስ አቀብይኝ» አለቻት። እትዬ ካውያ መቀሱን ከሰጠቻት በኋላ ወደ ኋላ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። «ለመቀስ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም» አለች ለፈጣሪዋ፣ ይበልጥ ተስፋ እንዳታደርግ ራሷን እየተቆጣች፤ «ለመቀሱም ግን ተመስገን።»

አንድ ወር አለፈ። የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ግቢው ውስጥ ገንዳ አውጥታ የቤቱን ልብስ ታጥባለች። እህቷ በሩን ከፍታ ትሰፋለች። እትዬ ካውያ የእህቷን ግራጫ ቀሚስ አነሣች። ከመንከሯ በፊት እጇን ወደ ኪሱ ላከች። አንድ ነገር ነካት፤ ቀጭን፣ የታጠፈ፣ ደረቅ።

አወጣችው። አዲስ ካርድ ነው። የእህቷ ስም። ውስጡ አንድ ቀን ብቻ ተጽፎበታል፤ እሷ ሥራ ያልገባችበት ሰኞ ነው። ጋሽ ጠብታ ትንፍሽ አላለም!

ደረቷ ውስጥ መክተት፣ ወደ ኪሱ መመለስ፣ ለብቻዋ አንብባ ለብቻዋ መተርጎም፤ እነዚህ ሁሉ መንገዶች ተከፍተው ቆሙ፤ ታውቃቸዋለች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች።

«ኪስሽ ውስጥ ይህን አገኘሁ» አለች። «ምንድን ነው?»

እህቷ የመኪናውን ፔዳል አቆመች። «ማንበብ ትችይ የለ?»

«ማንበብ እችላለሁ። አንቺ ንገሪኝ።»

እህቷ ዞር ብላ አየቻት። ከንፈሯ ጥግ ላይ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያልታየ ነገር ብልጭ አለ።

«ኤ ፖዘቲቭ ነኝ» አለች። «ክብ ቁልፍ አለኝ፣ ኪስም አለኝ። ከሦስት ወር በኋላ ድገሚ ብለውኛል።»